ማስረዳትና ማስኮረጅ

 



ልጃችሁን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስትሸኙ ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ? ብዙዎቻችን «በርታ፣ አንደኛ ውጣ፣ ደብተርህን ለማንም አታውስ» እንላለን። ጎረቤት ያለው ልጅ ሒሳብ ከብዶት «አስረዳኝ» ብሎ ቢመጣ «የራስህን ጥናት ትተህ የሰው ትለፋለህ እንዴ?» ብለን የምንቆጣም አንጠፋም። የፈተናው ቀን ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ደብተሩን እንዲደብቅ የተመከረው ልጅ በዚያ ዕለት «አትጨክን፣ ጓደኛህ ነው፣ አሳየው» ይባላል። ካላሳየም ክፉ፣ ሰው የማይወድ ተብሎ ይታማል።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ልጁ መስጠት በሚገባው ጊዜ ሁሉ እንዲሰስት፣ መስጠት በማይገባው በዚያ አንድ ቀን ግን እንዲለግስ አስተማርነው ማለት ነው። ትብብር ማለት ምን እንደሆነ ገልብጠን ነገርነው። ይህች አጭር ጽሑፍም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። በትምህርት መረዳዳት ማለት ምን ማለት ነው? የት ይጀምራል? የትስ ያበቃል?

ዕውቀት እንደ መስኖ ውሃ አይደለችም

በሸዋ ሮቢት ዙሪያና በይፋት ቆላ የሚኖር ገበሬ የውሃን ነገር ያውቀዋል። የሮቢን ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርቱን የሚያጠጣ ሰው ውሃው በተራ መሆኑን አይስተውም። ከላይ ያለው አብዝቶ ከወሰደ ከታች ላለው ያንሰዋል። በውሃ ተራ ጎረቤትና ጎረቤት የሚጣላውም ስለዚህ ነው። ማሽላም፣ ማሾም፣ ገንዘብም እንደዚያው ናቸው፤ ለሁለት ሲካፈሉ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል።

ዕውቀት ግን ከእነዚህ ትለያለች። አንድ ተማሪ ክፍልፋይ እንዴት እንደሚደመር ለጓደኛው ቢያስረዳ ከእሱ ምን ጎደለ? ምንም። እንዲያውም ያስረዳው ልጅ ራሱ ያገኘው ነገር አለ። ሰው የገባው የመሰለውን ነገር ለሌላ ሊያስረዳ ሲነሣ በትክክል ያልገባው የት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ይገለጥለታል። ጓደኛው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ ካጣ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ሲመለስም የቀድሞው ዕውቀቱ ይጠናል። ስለዚህ ዕውቀቱን የሚደብቅ ልጅ ያተረፈ ይመስለዋል እንጂ የሚከስረው እሱው ነው።

«በአገሩ ፉክክር አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂት ነው፣ ልጄ ሌላውን ካስተማረ ቦታውን ይነጠቃል» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ይህ ስጋት ቀላል አይደለም፤ ተገቢ መልስም ያስፈልገዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎቹ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ገብተው እንዲፈተኑ ተደርጎ ነበር። ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ነበሩ። የጎደለው ወንበር ሳይሆን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ነበር። ተጨማሪ ተማሪዎችን የማካካሻ ትምህርት ሰጥቶ መቀበል ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። መስፈርቱ 50 ከመቶ ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ማለፍ የእናንተን ልጅ አይጥለውም። ሁለቱም ሊያልፉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሊወድቁ ይችላሉ።

ሰይዲና ዑመርና ጎረቤታቸው

በዲናችን ውስጥ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ሰይዲና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ቤታቸው ከመዲና መሐል ራቅ ብሎ ዐዋሊ በሚባለው ስፍራ ነበር። የኑሮ ሥራም ነበረባቸውና በየቀኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መዋል አልተቻላቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? ከአንሷር ከሆነ ጎረቤታቸው ጋር ተራ ገቡ። አንድ ቀን እሳቸው ይወርዱና የዚያን ቀን የወረደውን ራእይና የተሰማውን ትምህርት ለጎረቤታቸው ያደርሳሉ፤ በማግስቱ ጎረቤታቸው ይወርድና እንደዚያው ያደርግላቸዋል። ኢማም ቡኻሪ ይህን ታሪክ በሰሒሓቸው ውስጥ ዕውቀትን በሚመለከተው ክፍል ዘግበውታል።

አንባቢ ሆይ! በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገር አስተውል። አንደኛ፣ ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱ ተሸካሚ ሌላው ተቀማጭ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚያደርሱት ነገር በትክክል የሰሙትን ነው፤ ጓደኛዬ አምኖኛልና እንደፈለግሁ ልንገረው አይባልም። ሦስተኛ፣ ዓላማው ጎረቤቱ ያወቀ መስሎ እንዲታይ ሳይሆን በእርግጥ እንዲያውቅ ነው። እነዚህ ሦስቱ የተሟሉበት መረዳዳት ትብብር ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ግን ሌላ ስም አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ከዚህም ከፍ ያለ ምሳሌ አለ። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በረመዷን ሌሊቶች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየመጣ ቁርአንን አብረው ይደጋግሙት ነበር። በሚሞቱበት ዓመትም ሁለት ጊዜ አብረው አሳልፈውታል። ራእይ የሚወርድላቸው ነቢይ ያወቁትን ከሌላ ጋር ሆነው ይከልሱ ከነበረ «እኔ ብቻዬን ይበቃኛል» የሚል ተማሪ ምን ሊል ነው? ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፈርዖን እንዲሄዱ በታዘዙ ጊዜም ንግግሩ ከእሳቸው የቀና ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው አላህን ለምነዋል። ጉድለታቸውን መናገር አላሳፈራቸውም። ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍረው ልጃችን ይህን ታሪክ ከእኛ ቢሰማ ምንኛ መልካም ነበር!

ሴት ልጆቻችንንም አንርሳ። የመዲና ሴቶች «ወንዶቹ ቀደሙን፣ ለእኛም ቀን ይመደብልን» ብለው ተባብረው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋል፤ ቀንም ተመድቦላቸዋል። ዛሬ ግን ወንዱ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሲያጠና ሴቷ ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ይመሻል። በቤት ውስጥ ያልተባበረ ቤተሰብ ልጆቹ በክፍል ውስጥ እንዲተባበሩ ሊመክር አይችልም።

የይፋት ደረሳዎች

ይፋት ለዲን ዕውቀት አዲስ አገር አይደለችም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. የሸዋን ሱልጣኔት ከተካ ወዲህ ይፋት ስሟ በሩቅ አገር ይታወቅ ነበር። በይፋት ተዳፋት ላይ በኖራ የሚገኘው የጥንት መስጊድ ግድግዳ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። በካይሮ በአል-አዝሀር ከእኛ አገር የሚሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። ከ1753 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. የኖሩት ታላቁ የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ዘራቸው ከዚሁ ከጀበርት አገር የሚመዘዝ ሲሆን አያቶቻቸውም የዚያ ሪዋቅ አለቆች ነበሩ። የአንድ አገር ልጆች በባዕድ ከተማ አንድ ጣራ ሥር አብረው እያደሩ፣ አብረው እየበሉ፣ ነባሩ አዲስ መጪውን እየደገፈ ይማሩ ነበር።

እዚሁ በአገራችንም በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ያለችውን ጎዜን የመሳሰሉ የዕውቀት ቦታዎች ለረጅም ዘመን ደረሳ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የደረሳው አማማር እንዴት እንደነበር የሚያውቁ አባቶች ዛሬም አሉ። ሸኹ ፊት ቀርቦ ኪታቡን የሚያነበው አንዱ ነው፤ የሚሰሙት ግን ብዙዎች ናቸው። ኪታቡ በዓረብኛ ይነበባል፣ ትርጉሙ በአገር ቋንቋ ይብራራል። ከደርሱ በፊትና በኋላ ደረሳዎቹ ሰብሰብ ብለው ሙጣለዓ ያደርጋሉ፤ ያልገባው ይጠይቃል፣ የገባው ያብራራል፣ ሁለቱም ካልገባቸው ወደ ሸኹ ይመልሱታል። ከፍ ያለው ደረሳ ታናሹን ያቀራል። ፊቅህ የጨረሰው ፊቅህ ለሚጀምረው፣ ነህው የበረታበት ነህው ለከበደው ይደርስለታል። አንድ ሸኽ ያን ሁሉ ደረሳ ሊያስተምሩ የቻሉት እያንዳንዱ ደረሳ ተማሪም አስተማሪም ስለነበረ ነው። የመንደሩ ሰውም ምግቡን በማቅረብ የትምህርቱ ተካፋይ ነበር።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙጣለዓው የጋራ ነው፤ ሸኹ ፊት ቀርቦ ማንበቡ ግን የግል ነው። ጓደኛው ሌሊቱን ሁሉ ሊያስረዳው ይችላል፤ ጠዋት በእሱ ፈንታ ሊቀራለት ግን አይችልም። በሉሁ ላይ የተጻፈውን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ሉሁን አጥቦ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። የአባቶቻችን ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱን አብረው ይጓዙታል፣ ሚዛኑ ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል። የፍርዱ ቀንስ እንደዚያው አይደለምን? በዱንያ በመልካም ሥራ እንድንረዳዳ ታዝዘናል፤ በቂያማ ግን ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም።

በክምሩ ውስጥ ያለው እርጥብ እህል

አሁን ወደ ሌላው ስም እንመለስ፤ እሱም ኩረጃ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ አንድ የእህል ክምር ሰደዱና ከውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ቢናገርም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ።

የሰንበቴን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ ይገባዋል። ከላይ ደረቅ ማሾ፣ ከታች እርጥብ የሞላበትን ከረጢት ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የተቃጠለ ሰው ጥቂት አይደለም። በኩረጃ የተገኘ የምስክር ወረቀትም ያው ነው። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ! ልዩነቱ የከረጢቱ ገዢ የሚከስረው ገንዘብ መሆኑ ብቻ ነው። በተኮረጀ ፈተና ነርስ የሆነ ሰው መድኃኒት ሲያዛባ፣ መሐንዲስ የሆነ ሰው ድልድይ ሲሠራ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ያስኮረጀውስ? «እኔ ምን አጠፋሁ? ረዳሁት እንጂ» ይላል። የለም ወንድሜ፣ አልረዳኸውም! አለማወቁን እንዲደብቅ አገዝከው። ሐኪም ቤት ሊሄድ የሚገባውን ሰው ቁስሉን በጨርቅ ሸፍነህ «ድነሃል» አልከው። መስከረም ላይ ቢጠይቅህ ኖሮ ልትረዳው ትችል ነበር፤ ሰኔ ላይ ግን ወረቀት ማሳየት እንጂ ዕውቀት መስጠት አትችልም።

በአገራችን ገበሬው የሚሠራበት ወንፈል ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዛሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ በእኔ ማሳ እንውላለን። ግን ማጭድ ሳይዝ ወደ ወንፈል የሚመጣ ሰው አለ? የለም። አቅመ ደካማ ቢሆን እንኳ የሚችለውን ያህል ያጭዳል። ኩረጃ ማለት ማጭድ ሳይዙ መጥቶ ከድግሱ መቁረስ ነው።

ትምህርት ቤቶቻችን በዚህ በኩል የሞከሩትም፣ የተሰናከሉበትም ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ተማሪው በትምህርቱ ተሳታፊ እንዲሆን ሲነገር ቆይቷል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት ወደ ክፍል ገባ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሌሎች አምስቱን ይመራል ተባለ። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን በብዙ ቦታ ከላይ በትእዛዝ የወረደ፣ የፖለቲካ ሽታም ያለው ሆኖ ስለታየ ልብ አልገባም። በየክፍሉም ጎበዙ ሥራውን ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ውጤቱ ለሁሉም እኩል ይሰጣል። ጎበዙ ተማረረ፤ ደካማውም ደካማ ሆኖ ቀረ። ስም ትብብር ሆኖ ሥራው ኩረጃ ሲሆን ይህ ይከተላል። በአሜሪካ የቡድን ትምህርትን ለረጅም ዘመን ያጠኑት ሮበርት ስላቪንም ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ቡድን የሚጠቅመው የጋራ ግብ ሲኖረውና እያንዳንዱ አባል ለየራሱ ሲጠየቅ ነው። አባቶቻችን በሙጣለዓውና በሉሁ ይህን ቀድመው ሠርተውበታል።

በአንድ ወንበር የተቀመጡ ልጆች

ውድ አንባቢያን! በይፋት ቆላ ይህ ጉዳይ ከውጤት ያለፈ ትርጉም አለው። በአካባቢው አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያ ይገናኛሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤታሞች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ክፍል የሚመለሱ ልጆች የጎደላቸው ፊደልና ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እርስ በርስ መተማመኑም ጎድሏል።

በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ ነጭ፣ ጥቁርና ስፓኒሽ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ክፍል መማር ሲጀምሩ ጥላቻና ድብድብ ተነሣ። ኤሊየት አሮንሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር መላ ፈለጉ። የተለያዩ ልጆችን በትናንሽ ቡድን አደባልቀው ትምህርቱን ቆራርሰው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ክፍል ሰጡ። ያን ክፍል ከእሱ በቀር በቡድኑ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ሌሎቹ ቢንቁትም እንኳ እሱን መስማት ግድ ሆነባቸው፤ እሱም አጥንቶ ማስረዳት ግድ ሆነበት። በመጨረሻ ግን እያንዳንዱ በጠቅላላው ትምህርት ለብቻው ተፈተነ። ልጆቹ መከባበር ጀመሩ፤ ተንቀው የነበሩትም በትምህርታቸው ተሻሻሉ።

ይህ ሲሆን ማንም ስለ ፍቅር ንግግር አላደረገላቸውም። ጓደኛህ የሚያውቀው አንተ የሚያስፈልግህ ነገር እንዳለ በተግባር ስታይ ንቀት ይለቅሃል። አንድ የአርጎባ ልጅና አንድ የአማራ ልጅ፣ አንዲት የኦሮሞ ልጅና አንድ የአፋር ልጅ በአንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ አንገታቸውን ደፍተው «እዚህ ጋ ተሳስተሃል»፣ «አይ፣ እስቲ እንደገና እንየው» ሲባባሉ የሚገነባው ነገር በስብሰባ አይገነባም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቤታችን ውስጥ እንጀምር። ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት አመጣህ?» ብለን ብቻ አንጠይቀው፤ «ዛሬ ለማን አስረዳህ? ማንስ አስረዳህ?» እንበለው። የጎረቤት ልጅ ሊያጠና ቢመጣ ቡና አፍልተን፣ መብራት አብርተን እንቀበለው። ለሴት ልጃችን የምታጠናበት ሰዓት እንቁረጥላት፤ የእሷን ሥራ ወንድሟም አባቷም ይካፈሏት። ትልቁ ታናሹን ያቅራ፤ ጁዝ ዐምማ ያለቀለት ፋቲሓ ለሚጀምረው ያስይዝ።

በመድረሳና በትምህርት ቤት የምታስተምሩ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ በቡድን አጥኑ ስትሉ የእያንዳንዱን ድርሻ ለዩ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ለየብቻው ጠይቁ። ያስረዳን አመስግኑ፣ «አልገባኝም» ያለን አክብሩ።

የፈተናው ቀን ሲደርስ ግን ለልጃችን አንድ ቃል እንንገረው፦ «ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰጥተሃል፤ ዛሬ የምትሰጠው የለህም። የምትወስደውም የለህም። አላህ ያይሃል።» ዓመቱን ሙሉ ያስረዳ ልጅ በዚያ ቀን «አላሳይም» ቢል ማንም ጨካኝ ሊለው አይችልም። ዓመቱን ሙሉ የደበቀ ልጅ ግን በዚያ ቀን ቢያሳይም ቸር አይባልም።

አላህ (ሱ.ወ) ዕውቀትን ከሚደብቁት ሳይሆን ከሚያካፍሉት፣ ከሚያታልሉት ሳይሆን ከእውነተኞቹ ያድርገን። የይፋትን ልጆችና የአገራችንን ልጆች ሁሉ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቃቸው፤ ሰላማቸውንም ይመልስላቸው። አሚን።